12፡40 ተነስቶ 1፡40 የደረሰው ጀልባ

ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ ነው። ስሙን አልጽፍም። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቤቱ ባሕር ዳር ነው፣ አባቱ ጣና ላይ ጀልባ ይነዳሉ። እኔ ሰፈር ውስጥ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ከእሱ ጋር ያሳለፍኳቸውን ስድስት ሳምንታት በዝርዝር ልጽፍ የፈለግኩት ብዙ ወላጅና ብዙ አስጠኚ ይኼው ነገር ስለሚገጥመው ነው። ልጁ የፍጥነትን ቀመር ያውቀዋል። ማካፈልም ይችላል። መልሱ ግን ልክ አይመጣም።

እናቱ ይዘውት የመጡ ቀን "ፍጥነት የሚሉት ነገር አልገባው ብሏል፤ ሚኒስትሪውም እየደረሰ ነው" አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

መጀመሪያ የሚያውቀውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ወዲያው ሦስት ማዕዘን ሳለ። ከላይ ርቀት፣ ከታች በግራ ፍጥነት፣ በቀኝ ጊዜ። "የሚፈለገውን በጣት መሸፈን ነው ቲቸር" አለኝ። ፍጥነት ከተፈለገ ፍጥነትን ይሸፍናል፤ ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ይቀርለታል። ርቀት ከተፈለገ ርቀትን ይሸፍናል፤ ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ ይቀራል። አሥር ጥያቄ ሰጠሁት። አሥሩንም አገኘ።

እውነት ለመናገር ግራ ገባኝ። እናቱ ያሉት ችግር የታለ? ማታ ጥያቄዎቹን መልሼ ሳነብ ነው ነገሩ የታየኝ። ሁሉም "አንድ መኪና 180 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት ቢጓዝ" ዓይነት ናቸው። ጊዜው ተሰልቶ ያለቀ ነው። ልጁ ሁለት ቁጥር አንስቶ ማካፈል ብቻ ነው የቀረው። መንገድ ላይ ግን ጊዜን ማንም እንዲህ አዘጋጅቶ አይሰጠንም። የምናውቀው የተነሳንበትንና የደረስንበትን ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሯችን አንድ ጥያቄ በእጄ ጻፍኩለት፦

"አንድ ጀልባ ከጠዋቱ 12፡40 ከባሕር ዳር ተነስቶ ከጠዋቱ 1፡40 ዘጌ ደረሰ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ነው። የጀልባው ፍጥነት ስንት ነው?"

ልጁ ከ12፡40 ላይ 1፡40 ቀነሰ። 11፡00 መጣለት። 12ን ለ11 አካፈለ። "1.09 ኪሎ ሜትር በሰዓት" ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረበት። ቅንጣት አልተጠራጠረም።

ተሳስተሃል አላልኩትም።

"አባትህ ዘጌ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል?"

"አንድ ሰዓት።"

"እዚህ ወረቀት ላይስ?"

ወረቀቱን አየ። "11 ሰዓት።" ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ይሄ እኮ ሌላ ጀልባ ነው" አለኝ።

ያቺ መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ልጁ በአባቱ ጀልባ ስንትና ስንት ጊዜ ዘጌ ደርሶ ተመልሷል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጀልባ ግን ከዚያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በሰዓት 1.09 ኪሎ ሜትር ማለት በእግሩ የሚሄድ ሰው አራት እጥፍ የሚቀድመው ጀልባ ነው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውም ይቀድመዋል። እሱ ግን መልሱን ከውሃው ጋር አላስተያየውም፤ እንዲያስተያይ ያስተማረውም የለም።

ሰዓት የሚለው ቃል

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሁለት ቀን ያህል ከልጁ ጋር ብዙ አወራን። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ቋንቋችን ውስጥ ነው።

አማርኛ ላይ "ሰዓት" ብዙ ሥራ አለበት። እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት ነው። "ስንት ሰዓት ነው?" ስንል የምንጠይቀው ቅጽበቱን ነው። "ስንት ሰዓት ፈጀ?" ስንል ደግሞ የቆይታውን ርዝመት ነው። "ሦስት ሰዓት" ብቻውን ሲነገር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። አንድ ሰው "ከሦስት ሰዓት በኋላ እንገናኝ" ቢልዎት፣ ሰዓቱ ሦስት ካለ በኋላ ማለቱ ነው? ወይስ ከአሁን ጀምሮ ሦስት ሰዓት ተቆጥሮ? አዋቂ ከወሬው አካሄድ ይለየዋል። ፈተና ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ወሬ የለውም፤ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ልጁን "ቀመሩ ላይ ጊዜ የሚለው የትኛው ሰዓት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "የደረሰበት" አለኝ። ያንን ስሰማ ብዙ ነገር ገባኝ። ለእሱ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው አንድ የሰዓት ቁጥር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ። የቀነሰው እንኳ ሁለት ቁጥር ስላየ ነው እንጂ፣ በመካከላቸው ያለፈውን ጊዜ ልፈልግ ብሎ አይደለም።

ስለዚህ ከሒሳብ በፊት ንባብ ጀመርን። ጥያቄው ላይ "ተነሳ፣ ደረሰ፣ ጀመረ፣ ላይ" የሚሉት አጠገብ ያለውን ሰዓት እንዲያከብበው ነገርኩት። "ፈጀ፣ ቆየ፣ ያህል፣ ውስጥ" የሚሉት አጠገብ ያለውን ደግሞ እንዲያሰምርበት። የተከበበው ነጥብ ነው። የተሰመረበት ርዝመት ነው። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የተሰመረበት ብቻ ነው። ጥያቄው ላይ ሁለት ክብ ብቻ ካለ፣ የመጀመሪያው ሥራ በሁለቱ ክቦች መካከል ያለውን መስመር መፈለግ ነው።

ይህንን ቶሎ ያዘው። አስፋልት ላይ ኪሎ ሜትር የሚያሳዩ ድንጋዮችን ምሳሌ አድርጌ ነበር። 5 ከሚለው ድንጋይ ተነስቶ 17 የሚለው ድረስ የሄደ ሰው 12 ኪሎ ሜትር ሄደ እንጂ 17 ኪሎ ሜትር አልሄደም። ርቀት ላይ ይኼ ማንንም አያደናግርም። ጊዜ ላይ ነው የምንስተው።

ንጋት ላይ የሚታጠፍ ቆጠራ

ሁለተኛው ችግር ሰዓት አቆጣጠራችን ነው። እኔ አቆጣጠሩን እወደዋለሁ። ከንጋት ይጀምራል፤ ቀኑ ሲጀምር ቆጠራውም ይጀምራል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር የሚያስኬድ ነው። ባሕር ዳር ላይ የዓመቱ አጭር ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ረጅሙ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች።

ግን አንድ ነገር አለ። ቆጠራው የሚታጠፈው ሰው ሁሉ መንገድ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። አገር አቋራጭ አውቶብስ የሚነሳው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ጀልባም ውሃው ሳይከፋ ማለዳ ይነሳል። ወደ ቤት የሚገባውም ሰው ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓትን ተሻግሮ ነው። በፈረንጅ ሰዓት ቆጠራው የሚታጠፈው እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የእኛ ልጅ ግን ጉዞ ባሰበ ቁጥር ማለት ይቻላል 12ን ይሻገራል። 12፡40ን ከላይ አድርጎ መቀነሱም አይፈረድበትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ "ትልቁን ከላይ አድርግ" እየተባለ ነው ያደገው።

እዚህ ላይ እኔ ተሳሳትኩ። ለመፍጠን ብዬ "የደረሰበት ሰዓት ካነሰ 12 ጨምርበት" አልኩት። ለጀልባው ሠራ፤ 1፡40 ላይ 12 ሲጨመር 13፡40፣ 12፡40 ሲቀነስበት 1 ሰዓት። ልጁም እኔም ደስ አለን። በሚቀጥለው ቀን "ጀልባው ዘጌ 1፡40 ደርሶ 7፡30 ላይ ለመመለስ ተነሳ፤ እዚያ ስንት ሰዓት ቆየ?" አልኩት። 7፡30 ላይ 12 ጨመረ። 17 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አገኘ። ትክክለኛው 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ሁኔታውን ረስቶ መደመሩን ብቻ ይዞታል። ያደረግኩት ነገር ቀመር ላይ ሌላ ቀመር መደረት ነበር።

ቀመሩን ትተን መስመር አሰመርን። በደብተሩ አግድም ረጅም መስመር፣ መሃሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ 12። ከምሰሶው በስተግራ 11፣ 10፣ 9። በስተቀኝ 1፣ 2፣ 3። ምሰሶውን የሚሻገር ጉዞ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል፤ መጀመሪያ እስከ ምሰሶው ይቆጠራል፣ ከዚያ ከምሰሶው ወዲያ።

የሞከርነው በጎንደር መንገድ ነው። ሚኒባሱ ከንጋቱ 11፡30 ከባሕር ዳር ተነሳ፣ 2፡30 ጎንደር ገባ። እስከ ምሰሶው 30 ደቂቃ። ከምሰሶው ወዲያ 2 ሰዓት ከ30። ተደምሮ 3 ሰዓት። መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር። ልጁ መልሱን ጽፎ ቀና አለና "ልክ ይመስላል" አለኝ። መልስን "ይመስላል" ብሎ ሲመዝን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሌላም ቀን መስመሩን እያየ ሳለ በድንገት "ቲቸር፣ 12 እኮ ዜሮ ነው!" አለ። ልክ ነው። 12፡40 ማለት ዜሮ ሰዓት ከ40 ማለት ነው። ከ1፡40 ላይ ዜሮ ከ40 ሲቀነስ 1 ሰዓት፣ ያለ ምንም ጣጣ። እኔ አላስተማርኩትም። ራሱ አገኘው።

ድልድዩ ላይ

ጊዜው መስመር ሲይዝ ፍጥነት የሚለው ቃል ራሱ ቀረ። ልጁ ፍጥነት ምን ማለት ነው ሲባል "ርቀት ሲካፈል ለጊዜ" ይላል። ያ አሠራሩ ነው። ቃሉ ምን እንደሆነ ግን በእግሩ እንዲያውቀው ፈለግኩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወሰድኩት። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ሜትር ይዘን መለካት አላስፈለገንም። የስልኬን ሰዓት መቁጠሪያ ከፍተን ከዳር እስከ ዳር በተለመደ እርምጃ ሄድን። 5 ደቂቃ።

"በ1 ደቂቃ ስንት ሜትር ሄድን?" አልኩት። 380ን ለ5 አካፍሎ "76" አለ። "እንዲሁ እየሄድን ብንውልስ፣ በ60 ደቂቃ?" 76 በ60፣ 4,560 ሜትር። ወደ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል። ቆም ብሎ "ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል ማለት ነው?" አለ። "ያኔ የጻፍከው ጀልባስ?" አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ በብስክሌት። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ብስክሌት መዋስ አልቸገረንም። 95 ሰከንድ ፈጀበት። 380 ለ95፣ በየሰከንዱ 4 ሜትር። በደቂቃ 240 ሜትር። በሰዓት 14,400 ሜትር፣ 14.4 ኪሎ ሜትር። ብዙ መምህር እዚህ ጋ "በ3.6 አባዛ" ይላል። እኔ አልነገርኩትም። ከሰከንድ ወደ ደቂቃ፣ ከደቂቃ ወደ ሰዓት ራሱ ይውጣ። ቆይቶ 4 እና 14.4ን አስተያይቶ 3.6ን ካገኘው ጥሩ፤ ካላገኘውም መንገዱን ያውቀዋል።

ድልድዩ ላይ የያዘው ዋናው ነገር "በየ" የምትለዋ ናት። በየደቂቃው 76 ሜትር። በየሰከንዱ 4 ሜትር። ከዚያ በኋላ ፍጥነት ምንድን ነው ስለው "በየሰዓቱ ስንት እንደሚሄድ" ማለት ጀመረ።

ዘጌ ደርሶ መልስ

ከዚያ ቅዳሜ አባቱን አስፈቅጄ አብረን ዘጌ ሄድን። አባቱ ከእኔ በዕድሜ ስለሚበልጡ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ መምህር ይሉኛል። ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ። ጋሼ "መምህር፣ ዛሬ እርስዎም ደብተር ይዘው ነው የመጡት" እያሉ ከፊት አስቀመጡኝ።

ልክ 12፡40 ተነሳን። ስልኬ ላይ የሄድንበትን መንገድ የሚመዘግብ አፕ ከፈትኩ። ልጁ በየ5 ደቂቃው ኪሎ ሜትሩን ይጽፋል። በመጀመሪያው 5 ደቂቃ ከወደቡ ቀስ ብለን ስለወጣን 700 ሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ 1 ኪሎ ሜትር፣ ሲፈጥን ደግሞ ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ። ልጁ ግራ ገባው። "ፍጥነቱ ስንት ነው ታዲያ? ሁሉም ይለያያል።" ስለ አማካይ ፍጥነት ለማውራት ከዚህ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። ጀልባው ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ አማካዩ ጠቅላላውን ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ አካፍሎ "እኩል ቢሄድ ኖሮ በየሰዓቱ ይህን ያህል በሄደ ነበር" ይላል። 1፡40 ላይ ዘጌ ስንደርስ ስልኩ 12 ኪሎ ሜትር ይላል። 12 በሰዓት። በየ5 ደቂቃው አንድ ኪሎ ሜትር።

ተሳፋሪዎቹ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና ሌሎቹን ሊሳለሙ ወጡ። እኛ ጫካው ጥላ ሥር የዘጌን ቡና ስንጠጣ ጋሼን "ዘጌ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አልኳቸው። "ኪሎ ሜትሩን ማን ያውቃል፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ውሃው ሲከፋ አንድ ሰዓት ተኩል" አሉኝ። ልጁ ከጎን ሆኖ "ከሰዓት በኋላ መንገዱ ይረዝማላ" አለ።

ይኼ ትልቅ ነገር ነው። አገራችን ርቀትን በጊዜ ነው የሚለካው፤ የግማሽ ቀን መንገድ፣ የሁለት ቀን መንገድ። ለተጓዥ የሚጠቅመውም እሱ ነው፤ ስንቁን የሚቋጥረው በቀን ነው። ግን ርቀትንና ጊዜን በአንድ ቃል የለመደ ልጅ፣ ጊዜው ሲረዝም መንገዱ የረዘመ ይመስለዋል። "ዘጌ ከሰዓት በኋላ ፈቀቅ ትላለች እንዴ?" አልኩት። "አአይ…" አለና ማሰብ ጀመረ። "ታዲያ ስንመለስ በስልኩ እንየው" ተባባልን።

7፡30 ተነሳን። ነፋሱ ጀምሯል። ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቀት ግን የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይመጣል። ጋሼ ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረጉት። 9፡00 ባሕር ዳር ገባን። ልጁ ስልኩን ቀድሞኝ አየ። 12 ኪሎ ሜትር። "መንገዱ ያው ነው" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአባቱ። "ፍጥነታችን ነው የቀነሰው።"

1፡30 እና 1.30

ወደቡ ላይ ቁጭ ብሎ የመልሱን ፍጥነት አሰላ። ካልኩሌተሩ ላይ 12 ሲካፈል ለ1.30 ብሎ ነካ። 9.23 አለው።

ሦስተኛው ችግር ይኼ ነው፤ ከሁሉም አሥጊው። 12፡40 ሲቀነስ 1፡40 ያመጣው ስህተት ዓይን ያወጣ ስለሆነ ሊያዝ ይችላል። 9.23 ግን እውነት ይመስላል። ሰዓት በ60 ይከፈላል፣ ካልኩሌተር በ10 እና በ100። አንድ ሰዓት ተኩል ካልኩሌተር ላይ 1.5 ነው። አንድ ሰዓት ከ20 ደግሞ 20ን ለ60 ሲያካፍሉ 1.33። ትክክለኛው ፍጥነት 12 ለ1.5፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው።

ልጁ ሩጫ ስለሚወድ ሌላ ምሳሌ ሰጠሁት። ትዕግስት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች፤ ያኔ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ለ2.11 ካካፈልከው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። 11 ደቂቃ ከ53 ሰከንዱን ለ60 አካፍለህ ስትሠራው ግን ጊዜው 2.198 ሰዓት ነው፣ ፍጥነቱ 19.2። "በዚህ ልዩነት እሷ በገባችበት ሰዓት በ20 የምትሮጥ ሌላ ሯጭ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትቀድማት ነበር" ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ወዲህ ደቂቃን ለ60 ሳያካፍል ካልኩሌተር አይነካም።

አንዷ ኪሎ ሜትር

የዚያን ቀን የመጨረሻው ጥያቄ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ነበር። ስንሄድ 12፣ ስንመለስ 8። ልጁ ሳያመነታ "10" አለ።

"10 ከሆነ በ2 ሰዓት ተኩል ስንት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን?"

"25።"

"ስንት ሄድን?"

"24።" ጣቱን ቆጠረ። "አንዷ ከየት መጣች?"

እኔ ለማስረዳት አፌን ሳልከፍት ጋሼ ገመዱን እያሰሩ "መጥፎው ውሃ ላይ ነዋ ብዙ የቆየነው" አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። በ12 የሄድነው አንድ ሰዓት ነው፣ በ8 የሄድነው አንድ ሰዓት ተኩል። ዝግተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ስለወሰደ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትታል። 24 ለ2.5፣ በሰዓት 9.6 ኪሎ ሜትር።

ልጁ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ዘጌ የቆየንበትስ አይቆጠርም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ12፡40 እስከ 9፡00 ያለፈው ጊዜ 8 ሰዓት ከ20 ነው። ያንን ከወሰድን 24 ለ8.33፣ በሰዓት 2.88 ብቻ። ስለ ጀልባው ጉልበት የሚያስብ 9.6ን ይወስዳል። ሙሉ ቀኑ ምን ያህል እንዳስኬደ የሚያስብ 2.88ን። ፈተና ላይ ግን "ሳይቆም" ወይም "የቆመበትን ጨምሮ" የሚል ቃል መኖሩን ሳያዩ መሥራት አይቻልም።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ አምስት ጥያቄ አዘጋጀሁ። አንዱ ከባሕር ዳር በጣና ሰሜን ዳርቻ እስካለችው ጎርጎራ ያለው መንገድ ነበር። በካርታ ላይ በቀጥታ ስንለካው ከ70 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፈ፤ 72 ብለን ያዝን። በሰዓት 12 የሚሄድ ጀልባ ከንጋቱ 11፡30 ቢነሳ ስንት ሰዓት ይደርሳል? ምሰሶው ላይ አርፎ 5፡30 አለ። ከአምስቱ አራቱን አገኘ። የሳተው መንገዱ ሦስት ቦታ የተከፈለበትን የአማካይ ፍጥነት ጥያቄ ነው፤ ሦስቱን ፍጥነቶች ደምሮ ለ3 አካፈለ። ያ ልማድ ቶሎ አይለቅም፣ ገና እየሠራንበት ነው። ሦስት ማዕዘኑንም አልተወም። እኔም አልከለከልኩትም፤ አሁን ግን ሦስት ማዕዘኑን የሚስለው መስመሩን ካሰመረ በኋላ ነው።

ከወር በኋላ ጋሼን ወደቡ ላይ አገኘኋቸው። ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ይዘው እንግዶች ዘጌ ወስደው ነበር።

"እንግዶቹ 10 ሰዓት ባሕር ዳር መግባት አለብን አሉ" ብለው አጫወቱኝ። "ልጁን 'ስንት ሰዓት እንነሳ?' አልኩት። ዝም ብሎ የሚነግረኝ መስሎኝ። 'አባዬ፣ ውሃው እንዴት ነው?' አለኝ። 'ሳይከፋ አይቀርም' አልኩት። 'እንግዲያው 8 ከሃያ አምስት' አለ።"

"ስንት ሰዓት ገባችሁ?"

"ለ10 አምስት ጉዳይ።"